ኔል ያላለችው ቃል

መምህር ላውራስ ኦ ኬርኒ ያን ነገር የተናገሩት ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ነው። ቀኑን የማልረሳው ማክሰኞ ማክሰኞ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ዝግ ስለነበረ ነው። ውጭ ያዘንባል። ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። እሳቸው ከጫማ ካርቶን ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አንድ በአንድ እያወጡ ያነባሉ፤ እኔ በታይፕ እመታለሁ።

እንዲህ ሆነን ስንሠራ ስምንተኛ ወራችን ነበር። መምህር ላውራስ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆነው ሠላሳ ስድስት ዓመት ከሠሩ በኋላ ጡረታ ወጥተዋል። ቦታቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጎብነት። ሰዉ ግን ዛሬም "የመጽሐፉ ሰውዬ" ሲል እሳቸውን ማለቱ ነው። እኔን "የመጽሐፉ ሰውዬ ረዳት" ይለኛል፤ ኃላፊ ከሆንኩ ሦስት ዓመት አልፎኝም።

በወጣትነታቸው በመጽሐፍ መኪና የአውራጃችንን የኬሪን ምዕራባዊ መንደሮች እየዞሩ መጽሐፍ ያውሱ ነበር። መጽሐፍ ሰጥተው ቃል ይዘው ይመለሳሉ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እሳት ዳር የሚናገሩትን፣ እንግሊዝኛው እየገፋ እየገፋ ዳር ያደረሰውን ጌሊክኛችንን፣ ተራውንም በየትኛውም መዝገብ ያልገባውንም ቃል ሁሉ ሲለቅሙ አርባ ሁለት ዓመት ኖሩ። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ወረቀት አለው። ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ የተነገረበት ዓረፍተ ነገር፣ የተናገረው ሰው ስም፣ መንደሩ፣ ቀኑ። ወረቀቶቹ ስልሳ አንድ የጫማ ካርቶን ሞልተዋል። በዋና ከተማው ያለ ዩኒቨርሲቲ መዝገበ ቃላት አድርጎ ሊያሳትማቸው ስለተስማማ ሁሉንም በታይፕ መገልበጥ ነበረብን። ቸኩለናል። መምህሩ መርሳት ጀምረዋላ።

መርሳቱ መጀመሪያ ጥቂት ነበር። ባርኔጣ፣ መነጽር፣ የጎረቤት ስም። አንድ ጠዋት ግን እኔኑ ቀና ብለው አይተው፣ "መጽሐፍ ልትመልሺ ነው የመጣሽው?" አሉኝ። በነጋታው ደግሞ ከሃያ ዓመት በፊት የሞተን ዓሣ አጥማጅ የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ።

ያን ማክሰኞ ካርቶን ሃያ ዘጠኝ ላይ ነበርን።

"ስሊናህ" ብለው አነበቡ። "ሰዎች ሰውን ሲያሙ ቆይተው፣ የሚታማው ሰው ድንገት ሲገባ ቤቱ ላይ የሚወርደው ዝምታ። 'ስሊናህ ወረደ፤ እኔም ገብቼ ተቀመጥኩበት።' ተናጋሪ፣ ኔል ኒ ሎንጊ፣ የታችኛው መንደር፣ ኅዳር 1931።"

መታሁት። ቀና ስል ወረቀቱን እንደያዙ ፈገግ ብለዋል።

"ይቺን ኔል አላለችም" አሉ።

"ማን ነው ያላት ታዲያ?"

"እኔ ነኛ። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።"

ቀልድ መሰለኝ። "መምህር፣ ጣቴ ዝሏል፤ አይቀልዱብኝ።"

"አልቀለድኩም። እንደሷ ያሉ ብዙ አሉ።"

"ብዙ ማለት ስንት ነው?"

"ብዙ ነዋ።"

"የትኞቹ ናቸው?"

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተደረደሩትን ካርቶኖች አዩ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። "እሱን እኮ ነው የማላስታውሰው" አሉ። ከዚያ ወረቀቷን ወደ ቦታዋ መልሰው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥለውን አነበቡ። የላም በሽታ ስም ነበር። እኔም መታሁት፤ ጣቴ ግን ፊደሎቹን ይስት ጀመር።

ግራ የገባኝ ቃሉ የፈጠራ ነው መባሉ ብቻ አልነበረም። ስሊናህ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬና አክስቶቿ ወጥ ቤት ተሰብስበው ድንገት ዝም ካሉ፣ እማዬ እየሳቀች፣ "ግቢ፣ ስሊናህ ላይ ቁጭ በይ" ትለኝ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን የፈጠረው ቃል እንዴት እኛ ወጥ ቤት ደረሰ?

በነጋታው መምህሩን ጠየቅኳቸው። ፊታቸው ቀላ።

"ማን ነው እንዲህ ያለው?"

"እርስዎ ነዎት፣ ትናንት።"

"እኔ በዕድሜዬ አንዲት ቃል አልዋሸሁም። አርባ ዓመት በዝናብ የዞርኩት ለመዋሸት ነው እንዴ? ማን ነው ስሜን የሚያጠፋው?"

ኮታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ባርኔጣቸውን ጥለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ እህታቸው ወይዘሪት ኤይሊሽ ባርኔጣውን ሊወስዱ መጡ። አብረው የሚኖሩት እሳቸው ናቸው፤ ሁለቱም አላገቡም። ደረጃውን ወጥተው አያውቁም፤ ያን ዕለትም ታች በሩ ላይ ቆመው፣ "ሰውዬውን ምን አደረግሽው? ምሳውን ሳይበላ ግድግዳ እያየ ነው" አሉኝ። ባርኔጣውን ሰጠኋቸው።

ነገርን ከሥሩ ይባላልና ከቤቴ ጀመርኩ። እማዬ ያኔ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነበር። ስደርስ ድንች ትልጣለች።

"እማዬ፣ ስሊናህ የሚለውን ቃል ከማን ነው የሰማሽው?"

"ከሰው ነዋ። ከድንች ልስማው?"

"የምሬን ነው።"

ቢላዋዋን አቆመች። "ከእናቴ ይመስለኛል። ቆይ፣ እናቴ ስትለው አልሰማሁም። ከአክስቴ ነው። አክስቴ ደግሞ ላውራስ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ሻይ ሳታጠጣው አትለቀውም ነበር። ከሱ ሰምታው ይሆናል። ወይም እሱ ከሷ።"

"የትኛው ነው ታዲያ?"

"አንቺ ልጅ፣ ቃል እንደ ዶሮ እግሩ ላይ ቀለበት አይታሰርለትም። አጥር ይዘላል። አሁን ይልቅ ያን ባልዲ አቀብይኝ።"

ሐሙስ የመጽሐፍ መኪናው ወደ ምዕራቡ መንደሮች የሚወጣበት ቀን ነው። ከሾፌሩ ከታይግ ጎን ገባሁ። ታይግ መምህሩንም ለዓመታት የነዳ ሰው ነው፤ መሪው ካላረፈ አፉም አያርፍም።

"ምን ፈልገሽ ነው ዛሬ?"

"ቃል ላጣራ።"

"እንደ እንቁላል ነው እንዴ? ውሃ ውስጥ ከተሽ ይንሳፈፍ አይንሳፈፍ ልታዪ?"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

ዘጠኝ ቤት አንኳኳሁ። በአምስቱ ቃሉን አውቀውታል። በሁለቱ ሰምተውት አያውቁም። በአንዱ፣ "እሱ የወዲያኛው ደብር ሰዎች ቃል ነው፤ እኛ እንደዛ አንልም" ብለው ተቀየሙኝ። ዘጠነኛው ቤት የሙርቲ ነበር። ሙርቲ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከመምህሩ ካርቶኖች ውስጥ ከአራት የማያንሱት የሳቸው ስም ያለባቸው ናቸው። ከረግረግ ተቆፍሮ የደረቀ የአፈር ማገዶ ከሚጨስበት ምድጃ ዳር ፒፓቸውን ነክሰው ተቀምጠዋል። ታይግ ሊሞቅ ተከትሎኝ ገባ።

"የመጽሐፉ ሰውዬ እንደምን ነው?" አሉ።

"ደህና ናቸው። እየረሱ ነው እንጂ።"

"የታደለ።"

"ስሊናህ የሚለውን ቃል ያውቁታል?"

"እንዴት አላውቀው። እኔ ነኝ የሰጠሁት።"

"ወረቀቱ ላይ ያለው የኔል ስም ነው።"

"እንግዲያ ኔል ከኔ ሰምታ ይሆናላ።" በጢሱ ውስጥ አተኩረው አዩኝ። "ስሚ የኔ ልጅ። እሱ ከረሳ አሁን ብናገር ማንንም አይጎዳም። ሰውዬው ሌላ ቦታ የሌለ ቃል ላመጣለት ሁሉ ትምባሆ ይሰጥ ነበር። እኔ ያለኝን ሰጠሁት። የአባቴን ሰጠሁ፣ የአያቴን ሰጠሁ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ትምባሆ ከገበያ ጠፋ። እሱ ግን ከየትም አምጥቶ ይዞ ይመጣል። እኔ ደግሞ ቃል አለቀብኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሰው ምን ያደርጋል? አበጀሁለት።"

ታይግ ከኋላዬ ሳቁን በሳል ሊደብቅ ሞከረ።

"ስንት ቃል አበጁለት?" አልኩ።

"ክረምቱን ሙሉ አጭሻለሁ።"

"ስሊናህስ? ካበጇቸው ናት?"

ፒፓውን ከአፋቸው አውጥተው አሰቡ። "እሷ የእውነት ትመስለኛለች። ጥሩ ቃል ናት። ደግሞ እኔ አብጅቻት ከሆነ ልኮራባት ይገባኛል።"

መኪናው ውስጥ ስገባ ቀኑ ትዝ አለኝ። ወረቀቱ 1931 ይላል፤ ሙርቲ የሚሉት ጦርነት የተነሣው ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሙርቲ አላበጇትም። ወይም መምህሩ ቀኑን ተሳስተዋል። ወይም ቀኑንም ፈጥረውታል።

"እህ፣ ገባሽ?" አለ ታይግ።

"የነበረኝም ወጣ።"

ለፕሮፌሰር ፊንታን ጻፍኩላቸው። በዩኒቨርሲቲው የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ እሳቸው ናቸው። በሳምንቱ ጃንጥላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። መምህር ላውራስ ዘንድ ወሰድኳቸው። መጽሐፍ በበዛበት ክፍላቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጥለው ተቀምጠው ነበር። ያን ቀን እንደድሮው ሆኑ። ፕሮፌሰሩ የጠየቋቸውን ሁሉ መለሱ፤ ያልጠየቋቸውንም መለሱ። ኔል ኒ ሎንጊ የት እንደተወለደች፣ የትኛው ጥርሷ እንደጎደለና በዚያ ምክንያት የትኛው ፊደል እንደሚያመልጣት ሳይቀር ነገሯቸው። ስሊናህን ሲጠይቋቸው፣ "የኔል ናት" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ።

ደጅ ስንወጣ ፕሮፌሰሩ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። "ሕመም ነው" አሉ። "ሕመምተኛ በራሱ ላይ ብዙ ነገር ይናገራል። ይህን በደብዳቤ መጻፉ ግን ጥሩ አይደለም፣ ኮሚቴው ይደነግጣል።"

"ሙርቲ ያሉትስ?"

የመኪናቸውን በር ከፈቱ። "የሚያጠራጥሩትን ለይተሽ አውጪያቸው።"

"በምን ልለያቸው?"

"በማስተዋል" ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አንድ ወረቀት አልመታሁም። ካርቶን እከፍታለሁ፣ አነባለሁ፣ እዘጋለሁ። ትናንት የእውነት የመሰለኝ ቃል ዛሬ የሙርቲ ትምባሆ ይሸተኛል። ውሸት ነው ብዬ የለየሁትን ደግሞ አንዲት ሴት መጽሐፍ ልትመልስ መጥታ በወሬ መሀል ጣል ታደርገዋለች። ከማን ሰማሽው ብዬ ስጠይቃት እንደ እብድ ታየኛለች።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሪት ኤይሊሽ ደረጃውን ወጥተው መጡ። ጌሊክኛ አይወዱም። "ጌሊክኛ ድስት አይጥድም" ይላሉ፤ አልችልም፣ አንድም ቃል አላውቅም ነው የሚሉት። በብብታቸው አሮጌ የተማሪ ደብተር ይዘዋል።

"ፍራሹን ሳገላብጥ አገኘሁት" አሉ። "የሱ እጅ ጽሑፍ ነው። ካንቺ ካርቶኖች ያመለጠ እንደሆነ ብዬ ነው።"

ሽፋኑ ላይ በጌሊክኛ "የኔ" ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ የቃላት ዝርዝር ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቃል። የተናገረ ሰው ስም የለም፣ መንደር የለም፣ ቀን የለም። ዘጠነኛው ስሊናህ ነው።

አገኘሁ አልኩ በልቤ። እነዚህ ናቸው የፈጠሯቸው። በአንድ በኩል ቀለለኝ፣ በሌላ በኩል አለቅስ አለቅስ አለኝ።

"ምንድን ነው የሚለው?" አሉ ወይዘሪት ኤይሊሽ።

"መምህሩ ራሳቸው የፈጠሯቸው ቃላት ይመስሉኛል።"

"እስቲ አንብቢልኝ፤ ምን ሲፈጥር እንደኖረ ልስማ።"

ቃሉን በጌሊክኛ፣ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ እያደረግኩ አነበብኩላቸው። ከባሕር በመጣ ሰው ልብስ ላይ ደርቆ የሚቀር ጨው። የሰው ድምፅ የሚመስል የነፋስ ፉጨት። ሕፃን ሊተኛ ሲል የሚያለቅሳት የመጨረሻዋ ትንሽ ለቅሶ።

"ያቺን ድገሚያት" አሉ።

"ሕፃን ሊተኛ ሲል..."

"ትርጉሙን አይደለም። ቃሏን።"

ደገምኩላቸው። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ጓንታቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁት።

"እናታችን ትላት ነበር" አሉ። "ወይም እሷን የመሰለች ነገር። አምስት ዓመቴ ነበር፣ በምን አውቃለሁ።"

ከዚያ ነገሩኝ። በከተማው ሃያ ዓመት ስኖር ሰምቼው አላውቅም። አባታቸው ለመርከቦች የሚበራ የመብራት ማማ ጠባቂ ነበሩ። ሰሜን፣ ዶኒጎል ተመድበው ሳለ አንዲት የዚያ አገር ልጅ አገቡ፤ ስሟ ጎርምለ። ሥራቸው ወደዚህ ሲዛወር ይዘዋት መጡ። የሰሜን ጌሊክኛ ከኛው የተለየ ነው። ሱቅ ገብታ ዱቄት ስትጠይቅ ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ በአነጋገሯ እየሳቁ "ዳክዬዋ መጣች" ይባላል። እያደር ሱቅ መሄድ ተወች። ላውራስ ዘጠኝ፣ ኤይሊሽ አምስት ዓመት ሲሆናቸው እናትየዋ በሳንባ ሕመም ሞተች። ከቀብሯ በኋላ አባትየው በቤታቸው ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይነገር አዘዙ።

"አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም" አሉ ወይዘሪት ኤይሊሽ። "መስማት አልቻለም መሰለኝ።"

ያን ማታ ጥቂቶቹን ከካርቶኖቹ ጋር ሳመሳክር ሁሉም ላይ ያገኘሁት የኔልን ስም ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብተሩን ይዤ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ወይዘሪት ኤይሊሽ ሻይና የሶዳ ዳቦ አቅርበው፣ እንደሌላው ጊዜ ጥለውን አልሄዱም፤ በሩ አጠገብ ሹራብ ይዘው ተቀመጡ። መምህሩ ደብተሩን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ። ከፈቱት፣ አሸተቱት።

"የእናትዎ ቃላት ናቸው?" አልኳቸው።

"እንደዚያ ብዬ ነበር የጀመርኩት።"

"ታዲያ ለምን የኔልን ስም ጻፉባቸው?"

"ኔል ብቻ ናት ያልሳቀችባት። በየሳምንቱ እየመጣች ከሷ ጋር ትቀመጥ ነበር።" ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። "ደግሞ መዝገቡ የኬሪ ነው። የሰሜን ሴት ቃል ቢገኝበት ያወጡት ነበር። የኔል ስም ካለበት ግን ማን ይደፍራል?"

"እንግዲያው አልፈጠሯቸውም።"

"እሱን ነው የማላውቀው።" ወደ እህታቸው አዩ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ። "ስትሞት ቃላቷ እንዳይጠፉኝ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እደጋግማቸው ነበር። ያኔ ሃምሳ ቢሆኑ ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ሁለት መቶ ሆነው አገኘኋቸው። የሞተ ሰው ቃል አይጨምርም፣ ይጨምራል?"

"ቀስ በቀስ ትዝ ብለውዎት ይሆናል።"

"ይሆናል። ወይም ዝም እንዳትለኝ እኔው እየተናገርኩላት ይሆናል። የቱ የሷ፣ የቱ የኔ እንደሆነ ድሮ የማውቅ ይመስለኛል። አሁን ስፈልገው ቦታው ባዶ ነው።"

የወይዘሪት ኤይሊሽ ሹራብ መሥሪያ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ስሟን ልጻፍላት" አሉ በመጨረሻ። "ወረቀቶቹን አምጪልኝ።"

ከደብተሩ ጋር እያመሳከርኩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ወረቀቶች ከየካርቶኑ ለቀምኩ። ክረምቱን ሙሉ፣ ደህና በሆኑ ቀን፣ የኔልን ስም በቀጭን መስመር ሰርዘው ከላዩ "ጎርምለ፣ እናቴ" ብለው ይጽፉ ነበር። በቀን አራት ወይም አምስት ይጽፋሉ። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት የሚያደርጉበት አለ፣ የማያደርጉበትም አለ። በምን እንደሚለዩ ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ።

ጥር መጨረሻ ላይ ሌላ ነገር አየሁ። ለማመሳከሪያ መምህሩ ቤት የተውኳቸውን ሁለት ካርቶኖች ልመልስ ስከፍት፣ ደብተሩ ውስጥ የሌሉ ወረቀቶች ላይም "ጎርምለ፣ እናቴ" ተጽፏል። ያውም ማንም የሚያውቃቸው ተራ ቃላት ላይ። በር። ጨው። ሐሙስ። የዓሣ አጥማጆች፣ የአንጥረኞች ስም ተሰርዞ የሷ ስም ገብቷል። ሠላሳ ሰባት ቆጠርኩ።

"መምህር፣ ይሄ የሙርቲ ቃል ነው" አልኳቸው አንዱን ይዤ።

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። "እሷም ትለው ነበር" አሉ።

እውነት ነው፣ ትለው ነበር። በር ሳትል፣ ጨው ሳትል አልኖረችም። የሙርቲን ስም መልሼ ልጽፍ እርሳስ አንስቼ ነበር። አስቀመጥኩት። ልክ ሠርቼ ይሁን ተሳስቼ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መጋቢት ላይ ሞቱ። ከደብተሩ ቃላት የአንድ መቶ አርባ ስድስቱን ወረቀት ጽፈው ነበር፤ ሌላው እንደነበረ ቀረ። ካርቶኖቹን ታይግ በመጽሐፉ መኪና ወደ ዋና ከተማው አደረሳቸው። የመጀመሪያው ካርቶን ላይ፣ ከላይ፣ የሆነውን ሁሉ የጻፍኩበትን ሦስት ገጽ አስቀመጥኩ። ማክሰኞውን፣ ሙርቲን፣ ደብተሩን፣ ሠላሳ ሰባቱን። ፕሮፌሰሩ ስልክ ደወሉ። "ይህን እያነበብኩ ሦስት ጊዜ ሐሳቤን ቀየርኩ" አሉ። "ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?" እሱን አልጻፍኩም ነበር፤ አላውቀውምና።

በዚያው በጋ ወይዘሪት ኤይሊሽ፣ "ዶኒጎል ውሰዱኝ" አሉ። ታይግ የራሱን መኪና አወጣ፤ ሙሉ ቀን ሄድን። የጎርምለ መንደር ከመብራት ማማው በስተ ምሥራቅ፣ ባሕሩ ላይ ያጎነበሰ ነው። አብዛኞቹ ቤቶች ጣሪያ የላቸውም። አንድ ቤት ብቻ ጭስ አየን፤ ኮንዲ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብዬ ማንበብ ነበረብኝ። ያውም በኬሪ ጌሊክኛዬ፤ እሳቸው እኔን፣ እኔም እሳቸውን በግማሽ ነው የምንሰማማው።

"እንዴት ነው እንደዚህ የምትናገሪው?" አሉኝ። "አፍሽን አሞሻል?"

"የደቡብ ሰው ነኝ።"

"አይፈረድብሽም።"

ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን አነበብኩላቸው። ሠላሳ አንዱን፣ "አዎ፣ እንላለን" አሉ። ስድስቱን፣ "እንላለን፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው" ብለው አረሙኝ። ከአንዷ በቀር የቀረውን፣ "ሊሆን ይችላል" አሉ። ስሊናህ ላይ ስደርስ አስደገሙኝ፤ ሳቁ፤ "አይ፣ ያቺን አላውቃትም። ግን ትተሽልኝ ሂጂ" አሉ።

ወይዘሪት ኤይሊሽ ይህን ሁሉ ጊዜ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ስንወጣ ፊታቸው ረጥቧል።

"የሚለው ነገር አንዱም አልገባኝም" አሉ። "ድምፁን ግን አውቀዋለሁ።"

ታይግ መኪናውን አስነሳ።

ሠላሳ አንዱንና ስድስቱን ለፕሮፌሰር ፊንታን ላክሁላቸው። መዝገበ ቃላቱ ከስድስት ዓመት በኋላ በሁለት ትልልቅ ቅጽ ታትሞ ወጣ። ወይዘሪት ኤይሊሽ አላዩትም፤ ከመታተሙ አንድ ዓመት በፊት አርፈዋል። የደብተሩ ቃላት ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ "ምንጫቸው ያልተረጋገጠ" በሚል ክፍል፣ በትንንሽ ፊደል ገብተዋል። ኮንዲ አዎ ያሏቸውም እዚያው ናቸው፤ የኬሪ አይደሉማ። ሠላሳ ሰባቱ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ስም ተመልሷል።

የሙርቲን ፈለግኩ። ሁሉም አሉ። ዋናው ክፍል ውስጥ፣ ከነስማቸው፣ ከነመንደራቸው፣ ከነቀናቸው፣ በጦርነቱ ዓመታት ክረምት የተነገሩት ሳይቀሩ። አዘጋጆቹ በመግቢያው ላይ እጅግ ከታመኑት ምንጮች አንዱ ብለው አመስግነዋቸዋል።

ስህተት ነው ብዬ ልጽፍላቸው ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥኩ። ቀኑን ጻፍኩ፣ የፕሮፌሰሩን ስም ጻፍኩ። ከዚያ የትኛው ቃል፣ የትኛው ገጽ ብዬ እንደምጽፍ ጠፋኝ። ሙርቲን እንዳልጠይቅ እሳቸውም ካለፉ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው። ወረቀቱ ቀኑና ስሙ ብቻ ተጽፎበት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ።